በወረርሽኝ ጊዜ ስለ መጠጥ ሻጮች ቤተ ሰብ

መንግሥት ለነጋዴ የሚያደርገው ምሕረት እስከ ቤተ ሰቡ ማዕድ ካልደረሰ፥ መልካም ሐሳብ ሆኖ በመዝገብ ላይ ይቀራል። ይህንንም ለማስረዳት በወላይታ ሶዶና ባካባቢው ቦርዴ እየጠመቁ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን እናቶች ምሳሌ እናደርጋለን።

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር በ30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና ለሰላምታ መጨባበጥ ተከለከለ። ክልከላው ሕይወትን ለመጠበቅ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ኑሮአቸው በሰው መሰብሰብ የተመሠረተውን ሁሉ ጎድቷል።

በሽታው ከደጅ ይልቅ በተዘጋ ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ የውጭ አገር ከተሞች ገበታውን ወደ ደጅ አወጡ። የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አደባባዮቿን ለምግብና ለመጠጥ ቤቶች ያለ ክፍያ ፈቀደች፤ ኒውዮርክም በሰኔ ወር ይህንኑ ፈቃድ ያለ ዋጋ ሰጠች፤ እንግሊዝ ደግሞ በሐምሌ ባወጣችው ሕግ ክፍያው ከ100 ፓውንድ እንዳያልፍ ወሰነች። በአገራችንም መንግሥት የቆየ የግብር ዕዳ ምሯል፤ ሥራቸው ቆሞ ሳለ ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶችም የአራት ወር የደመወዝ ግብር አስቀርቷል።

ይሁን እንጂ የፈቃድ ክፍያ ቢቀር የሚጠቀመው ባለ ፈቃዱ ነው። በገበያ ቀን ቦርዴ የምትሸጥ እናት ብዙውን ጊዜ ፈቃድም መዝገብም የላትም፤ ደጁም ቢሆን የጥንት መቀመጫዋ ነው። ባለ ሆቴል ቢራውን በመጋዘን ያቆየዋል፤ ቦርዴ ግን በቀናት ድካም ተጠምቆ ከአንድ ቀን በላይ ሳይቆይ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ገበያ በታጐለ ጊዜ እህሉም እንጨቱም ድካሙም ባንድነት ይጠፋባታል።

መጠጥ ይብዛ ማለታችን አይደለም፤ ስካር መራራቅን ያስረሳል፥ የቤትንም ማዕድ ያራቁታል። የምንለው፥ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ሹማምንት አስቀድመው እነዚህን እናቶች በየቀበሌው ይመዝግቡ፤ የገበያ መቀመጫ ክፍያ ይቅርላቸው፤ መቀመጫቸው ይራራቅ፥ ዋንጫውም ለየሰው ይታጠብ፤ ገበያው ፈጽሞ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ለልጆቻቸው እህል ይሰፈርላቸው።

በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ አገራችን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠልን ወረሰች። ከ2012ቱ ደግሞ መዝገብ የማያውቀውን ቤተ ሰብ ማሰብን ልንወርስ ይገባናል።