ፍሪጅ ሠሪው መስመር ይዘርጋ?

ቤቴል ውስጥ ሥጋ ቤትና ካፌ ስዞር የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ፣ ፍሪጁን ከሠራህ አይቀር መስመሩንም ዘርጋልን።»

አልዘረጋም። በማቀዝቀዣ ሙያ ያገኘሁት ሲኦሲ የሚመሰክረው ማሽኑን እንደማውቅ ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ራሱን የቻለ የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ መነሻው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የንግድ ፈቃድ ይህን አይተካም።

እኔ የምሠራበት ድንበር ይህ ነው፦ ኮምፕሬሰር፣ ካፓሲተር፣ ቴርሞስታት የእኔ። ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ያለው የኤሌክትሪሺያኑ።

«ለሁለት ሰው ልክፈል?» ትሉኛላችሁ። ገባኝ፣ ኑሮው ከባድ ነው። ግን አንድ ሥጋ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። «ጋዝ አልቋል» ተብዬ ሄድኩ። ጋዙ ሙሉ ነው። ፍሪጁና የሥጋ መፍጫው በአንድ ዲቫይደር ተሰክተዋል፣ ሶኬቱ ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ቀጭኑ ሽቦ ቮልቴጁን ይጥለዋል፤ ሞተሩ እያጓራ ይቀራል። ቴስተሬን የፍሪጁ አካል ላይ ሳስነካ በራ! ኤርዝ የሚባል ነገር የለም። ወለሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በውሃ ይታጠባል።

ለፍሪጁ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ኤርዝ እንዲገባለት ኤሌክትሪሺያን አስጠራሁ። ስትጠሩ «ማረጋገጫህን አሳየኝ» በሉ፤ ባለሙያ አይቀየምም። እኔንም ጠይቁኝ። የዚያ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ጋዝ ሳይጨመርበት ሠርቷል።