የፔኒሲሊን አለርጂ ስጋት ግምገማ

የፔኒሲሊን አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ፔኒሲሊንን ወይም እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ ተዛማጅ መድኃኒቶችን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ የሚፈጠር ሕመም ነው። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ አንድ ታካሚ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ቢል፣ አነጋገሩ ማቅለሽለሽንም፣ ተቅማጥንም፣ እውነተኛ አለርጂንም ሊሸፍን ይችላል። በአሜሪካ 10 በመቶ ያህሉ ሕዝብ አለርጂ አለብኝ ይላል፤ ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዳሉ።

ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም፣ ምልክቱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደታየ፣ ከዚያ ወዲህም አሞክሲሲሊን ተወስዶ እንደሆነ ይጠየቃል። በ1 ሰዓት ውስጥ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ቆዳ ተልጦ፣ አፍ ቆስሎ ከነበረ ደግሞ መድኃኒቱ ለሙከራም አይሰጥም። ጊዜም ለውጥ ያመጣል፦ ፈጣን አለርጂ ከነበረባቸው 80 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ አይቆጡም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚያከብደው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ታካሚው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋል፤ ካርዱ ላይ በስህተት «አለርጂ» ከተጻፈ ይህ መከላከያ ይቀርበታል። ምትኩ ኤሪትሮማይሲን በየቀኑ የሚዋጥ ስለሆነ መቋረጡ ቀላል ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከልብ መዳከም ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።