የአንደበት ወንፈል

በገጠሩ አገራችን ገበሬው የጎረቤቱን እርሻ ዛሬ ሲያርም ወይም ሲያጭድ ውሎ፣ ጎረቤቱ ደግሞ በተራው ነገ የእርሱን የሚያርምበትና የሚያጭድበት ወንፈል የተባለ ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ ይህም ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ብድር ግን የማይቀርበት፣ በመተማመን የጸና ቃል ኪዳን ነው። በዚህ ዘመን በተለያየ አገር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ አንዱ የሌላውን አፍ መፍቻ ቋንቋ በጭውውት ለመልመድ የሚገቡት ውል በባሕርዩ ከዚሁ አይለይምና፣ የአንደበት ወንፈል ብንለው ከእውነት አንርቅም።

አውሮፓውያን ይህን ልማድ ታንደም ይሉታል፤ ታንደም ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ተቀምጠው በአንድነት የሚነዱት ብስክሌት ስም ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 የኤሊዜን የወዳጅነት ውል ተፈራርመው የወጣቶቻቸውን መገናኛ ጽሕፈት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ፣ የሁለቱ ወገን ልጆች እርስ በርሳቸው መምህርም ደቀ መዝሙርም እየሆኑ ሲማማሩ ዘዴው ሥር ሰደደ፤ በ1990ዎቹም በቦሁም ከተማ በሚገኘው የሩር ዩኒቨርሲቲ ሄልሙት ብራመርትስ ተማሪዎችን በኢሜይል እያጣመሩ ማለማመድን አስፋፉ። ዛሬ ታንደምና ሄሎቶክ የተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ይህንኑ ማጣመር በእጃችን አድርገውታል።

ሕያው አንደበት ከመጽሐፍ ሁሉ እንደሚበልጥ የእኛም ታሪክ ይመሰክራል። ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ያጠናው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮማ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጋር ተገናኘ፤ እኒህም አባት በ1652 ወደ ጎታ ከተማ መጥተው አማርኛን በቃላቸው ስላስረዱት፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሞ ለዓለም ሊያበረክት በቃ።

በእርግጥም ፊደላችን ጥብቀትንና ልላትን ለይቶ አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ሲሆን፣ «ገና»ም ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ይህን ልዩነት ባዕዱ ከገጽ ላይ ሊያነበው አይችልም፤ ከባልንጀራው ከንፈር መስማት አለበት። ስለዚህ በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ተወልዶ የአያቱን ቋንቋ ለመናገር የሚጓጓ ወጣት፣ እንግሊዝኛን ወይም ዕብራይስጥን ለመልመድ የሚሻ የአዲስ አበባ ተማሪ ቢያገኝ፣ እያንዳንዱ ሌላው የተራበውን እንጀራ በመሶቡ ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

የወንፈሉ ሕግ ጥቂት ነው። ጊዜው እኩል ይከፈላል፤ ሠላሳ ደቂቃ በአንዱ፣ ሠላሳ ደቂቃ በሌላው ቋንቋ፣ ሁለቱን ሳይቀላቅሉ። የሚነጋገሩበትን ጉዳይ አስቀድመው ይመርጣሉ፤ ስሕተትንም በየቃሉ እየቆረጡ ሳይሆን ነገሩ ካለቀ በኋላ በትዕግሥት ያቃናሉ። ቀጠሮ ሲይዙ ደግሞ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይነጋገሩ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ለባዕዱ ዘጠኝ ነውና፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ብዙ ወዳጅነት ሳይጀመር ሊፈርስ ይችላል። ቋንቋን ሰበብ አድርጎ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው አይጠፋምና፣ ጠባይ እስኪታወቅ ድረስ የመኖሪያ አድራሻን መግለጥ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ባልንጀራ የሚፈልግ ሰው ምን እቀበላለሁ ከማለቱ በፊት ምን እሰጣለሁ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሌላውን እርሻ ሳያርም የራሱን ብቻ የሚያሳርም ሰው ወንፈሉ በሁለተኛው ቀን ይቀርበታል፤ አማርኛውን አጥርቶ፣ ታግሦና ወድዶ የሚያስተምር ግን የሌላውን ልሳን በዚያው ልክ ይቀበላል።