ከአሮጌ ቮልስዋገን ክሩስኮቲ ሥር የሽቦ ነዶ ስለ ማውጣት

ልጅ አዋቂው ሁሉ ቮልስ እያለ የሚጠራትን ክብ ጀርባ ትንሽ መኪና የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ስለ ተሠራች፤ ከሁሉ ታናሽዋ እንኳ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ቆርቆሮዋና ሞተርዋ እየታደሱ ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ሳይታይ የሚያረጀው ሽቦዋ ነው። የሽቦው ልባስ ከሙቀትና ከዕድሜ የተነሣ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ተራቁቶ ቆርቆሮውን የነካ እንደ ሆነም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና በቤታቸው ላላቸው ወላጆች ነገሩ የዋዛ አይደለም።

ሽቦዎቹ ከክሩስኮቲው ሥር እንደ ነዶ አንድነት ታስረው ይገኛሉ። ከነዶው አንዱ ክንፍ ወደ ፊት መብራቶች፤ አንዱ ወደ ፍሬቻና ወደ ክላክስ፤ አንዱም በመኪናው ጎን ባለው ቦይ አልፎ ሞተሩ ወዳለበት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ ከኋላ መቀመጫ ሥር ካለው ባትሪ ላይ ነጌቲቩን መፍታት ነው። ከባትሪው የሚመጣው ዋናው ቀይ ሽቦ የሞተሩ ቁልፍ ቢዘጋም ኃይል አይለየውም፤ እስከ ፊውዙ ሣጥን ድረስም የሚጠብቀው ፊውዝ የለም። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ግን ኪያቤው ቆርቆሮ ቢነካበት ብልጭታውን ያያል።

ብዙ ሰዎች ከመሪው ሥር በጀርባቸው ተኝተው ይታገላሉ። ይህ ከንቱ ድካም ነው። የፊተኛውን ኮፈን ከፍቶ፤ ከዕቃ ማስቀመጫው በስተኋላ ያለውን የካርቶን ክዳን ማንሣት ይበቃል፤ የክሩስኮቲው ጀርባ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት እርሳስና ወረቀት ይነሣ። ጀርመኖች በየመቆጣጠሪያው መግጠሚያ ላይ ቁጥር ጽፈዋል፤ 30 ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለው፤ 15 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ፤ 31 ወደ ቆርቆሮው የሚመለስ፤ 50 ደግሞ የሞተሪኖው ነው። በቀለምም ቀዩ የ30፤ ጥቁሩ የ15፤ ቡናማው የ31 ነው። ነገር ግን ቀይና ቡናማ በአቧራና በዕድሜ ብዛት አንድ ስለሚመስሉ ቀለም ብቻ አይታመንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽቦ ከመፈታቱ በፊት ቁጥሩና የተነቀለበት ቦታ ተጽፎ በቁራጭ ወረቀት ይታሰርበት። በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይረዳል፤ ዳሩ ግን ፎቶግራፍ ከኋላ የተሸሸገውን ሽቦ አያሳይም።

ለሬዲዮ ወይም ለሌላ ነገር በኋላ ዘመን ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦም አይታጣም። እርሱ ከፋብሪካው የመጣ ስላልሆነ ልዩ ምልክት ይደረግበት።

አውጪው በምንም ምክንያት በፒንሳ ቆርጦ መገላገልን አይምረጥ። አሮጌው ነዶ የአዲሱ ልክ ነውና፤ ከተቆረጠ ርዝመቱም ቅርንጫፉ የሚለይበት ስፍራም ይጠፋል። በቦዩ ውስጥ ያለውን ከመሳብ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይታሰር፤ አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው ገብቶ አዲሱን መልሶ ይስባል። የወጣውም በሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ በምስማር ዙሪያው ይያዝ።

ስለ ሽቦው ውፍረት አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር። 45 ዋት የሆነ መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት ግን ከ4 አምፔር ያነሰ ነው። ስለዚህ ለ12 ቮልት የሚበቃ ቀጭን ሽቦ ለ6 ቮልቱ መኪና ቢገባ መብራቱ ይደክማል፤ ሽቦውም ይግላል።

አዲሱ ነዶ ከገባ በኋላ ባትሪው በቀጥታ አይቀጠል። በባትሪው ነጌቲቭና በገመዱ መካከል አንድ ትንሽ አምፑል ይግባ፤ ማብሪያው ሁሉ ይጥፋ፤ በሮቹም ይዘጉ፤ ያለዚያ የውስጡ መብራት ያሳስታል። አምፑሉ ከበራ አንድ ሽቦ ቆርቆሮ ነክቷልና ፊውዞቹን አንድ ባንድ እየነቀሉ መፈለግ ነው፤ ካልበራ አምፑሉን አንሥቶ ባትሪውን መቀጠል ይቻላል።