መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው

ሥራዬ የድምፅ ቅንብር ነው። ለቴሌቪዥን ድራማ ንግግሩን አጠራለሁ፣ የኮቴውንና የበሩን ድምፅ እጨምራለሁ፣ ሙዚቃው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ከአዘጋጁ ጋር እመክራለሁ። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶቼና ዘመዶቼ በዓል ሲቃረብ «እስቲ ቤት ቁጭ ብለን የምናየው ነገር ጠቁመን» ይሉኛል። አንዱ የሚያስቅ ይፈልጋል፣ ሌላው የጦርነት። ለሁለቱም መልሴ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ «ማሽ» ከተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ።

«ማሽ» ከ1972 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በሲቢኤስ የታየ ተከታታይ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። ታሪኩ በኮሪያ ጦርነት ከግንባሩ ኋላ፣ በድንኳን ሆስፒታል ስለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ነው። ጦርነቱ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በቃኘው ሻለቃዎች ስም ዘምተውበታል። አያቱ ኮሪያ የዘመተ ቤተሰብ ይህን ኮሜዲ ሲያይ የሚያነሳው ወሬ አያጣም።

እኔን የሚይዘኝ ግን ድምፁ ነው። ጣቢያው እንደ ዘመኑ ልማድ የተቀዳ ሳቅ እንዲገባበት አዝዞ ነበር። አዘጋጆቹ ተከራክረው አንድ ነገር አስፈቀዱ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አይገባም። ልብ ብላችሁ ስሙ። ሐኪሞቹ በደም እጃቸው እየሠሩም ይቀልዳሉ፤ ሳቁ ግን የለም። የሚሰማው የመቀስና የሳህኑ ኳኳታ ነው። ያኔ ቀልዱ ላለመውደቅ የሚይዙት ምርኩዝ መሆኑ ይገባችኋል። በዲቪዲ የምታዩ ከሆነ ሳቁን ጨርሶ የሚያጠፋ ምርጫ አለው፤ አጥፉት።

በ1975 እ.ኤ.አ. የታየው የሦስተኛው ሲዝን መዝጊያ ላይ፣ ሁሉም የሚወዱት የሆስፒታሉ አዛዥ ሄንሪ ብሌክ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ጥቂት ቆይቶ ወጣቱ ጸሐፊ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይገባና አውሮፕላኑ ተመትቶ እንደወደቀ፣ የተረፈም እንደሌለ ያነባል። ማንም አይናገርም። በዝምታው መሀል አንድ መሣሪያ ሲወድቅ ይሰማል። በቀረጻው ሳይታሰብ የወደቀ ነው፤ አዘጋጆቹ ግን እንዳለ ተዉት። ከዚያ ድምፅ የተሻለ ለቅሶ ሠርቼ አላውቅም፤ የምሠራም አይመስለኝም።

ያ ሞት የሚያመን ሰውየውን ለሦስት ሲዝን ስቀንበት ስለኖርን ነው። የጦርነት ድራማ ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ወታደሩን ከመግደሉ በፊት አስተዋውቆናል ወይ? ስሙን ሳናውቅ በየደቂቃው ሰው የሚረግፍበት ፊልም ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ጦርነት ምን እንደሆነ አያስተምርም። ከሰው ጋር በቶሎ የሚያዛምደን ደግሞ ሳቅ ነው።

የብሪታንያው «ብላክአደር ጎዝ ፎርዝ» ይህን በስድስት ክፍል ብቻ ያሳያል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የሚካሄድ ኮሜዲ ነው። በመጨረሻው ክፍል ሰዎቹ ከምሽጉ ወጥተው ወደ ጠላት መትረየስ ይሮጣሉ። የተቀረጸው ትዕይንት አጭርና ደካማ ነበር፤ ያዳነው የቅንብር ክፍሉ ነው። ሩጫውን አዘገዩት፣ የመክፈቻውን ዜማ በፒያኖ በዝግታ አስገቡ፣ የጦር ሜዳውንም ቀይ አበባ ወደ ሞላበት መስክ ለወጡት። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የወፍ ድምፅ ነው።

ከእነዚህ በኋላ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ»ን እዩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤችቢኦ ያወጣው ባለ አሥር ክፍል ድራማ ሲሆን፣ የአንድ የአሜሪካ አየር ወለድ ሻምበል እውነተኛ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አብዛኛው ሥልጠና በመሆኑ አንዳንዱ «ውጊያው የታለ?» ብሎ ያልፈዋል። እንዳትዘሉት። ወጣቶቹ አለቃቸውን ሲያሙ፣ ተራራ ሲሮጡ፣ ሲተራረቡ የምንለምዳቸው እዚያ ነው። የማሠልጠኛውን ክፉ አለቃ የሚጫወተውም በ«ፍሬንድስ» ኮሜዲ የምታውቁት ዴቪድ ሽዊመር ነው። በየክፍሉ መግቢያ የሚናገሩት አዛውንቶች ደግሞ የሻምበሉ የእውነት አባላት ናቸው፤ ማንነታቸው የሚገለጸው በመጨረሻው ክፍል ነው። ዘጠነኛው ክፍል የናዚ ማጎሪያ ጣቢያ ስለሚያሳይ ልጆች ባሉበት አይከፈት።

አንዲት ጎረቤቴ በቅርቡ «ጋሼ፣ ከግንባር ለተመለሰው ወንድሜ የቱ ይሻለዋል?» አለችኝ። «መጀመሪያ እሱን ጠይቂው» አልኳት፤ «ካልፈለገ ፍንዳታውን በግድ አታሰሚው።» ለሌሎቻችሁም የምለው አለኝ። የጦርነት ድራማ የሚቀናበረው ሹክሹክታው ዝቅ፣ ፍንዳታው ከፍ ብሎ ስለሆነ ንግግሩን ለመስማት ድምፅ ስትጨምሩ ቤቱ ይናወጣል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የድምፁን ልዩነት የሚያጠብ የማታ ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። በ«ማሽ» ጀምሩ፣ «ብላክአደር»ን አስከትሉ፣ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ»ን ለመጨረሻ አቆዩ። ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍበት የጦርነት ፊልም ቢከፈትላችሁ፣ የጎደለውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።