ለሰው የሚጠጣው ውኃ ዓሣን ለምን ይገድላል?

በሳይንስ ክፍል መስኮት አጠገብ ያለውን የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በውስጡ የነበሩት የቆሮሶ ጫጩቶች በአንድ ሌሊት ማለቃቸውንም ሰምታችኋል። ያን ጊዜ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ጥፋቱን በምግብ ተረኛው ላይ ጣልን፤ «ምግብ አብዝቶ ነው የፈጃቸው» አልን። ነገሩን መርምረን ስናየው ግን ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኛ ነው። ይህንንም ጽሑፍ ያቀረብነው ለማስረዳትም፣ ይቅርታ ለመጠየቅም ነው።

ምን ነበር ያደረግነው? ገንዳው ስለቆሸሸ ውኃውን በሙሉ ደፋንና ከቧንቧ በቀጥታ በባልዲ እየቀዳን ሞላነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። እኛም «ንጹሕ ውኃ አግኝተው ደስ ብሏቸው ነው» ብለን በራችንን ዘግተን ሄድን። ለካስ እየታፈኑ ኖሯል!

እንደሚታወቀው የቧንቧ ውኃ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ይህ አሠራር በአሜሪካ አገር በጀርሲ ሲቲ ከተማ በ1908 እ.ኤ.አ. በቋሚነት ከተጀመረ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቶ፣ ታይፎይድንና ኮሌራን በመከላከል ብዙ ሕይወት አድኗል። ውኃው እቤታችን ሲደርስም በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ክሎሪን እንዲቀርበት ይፈለጋል። ይህ ለእኛ ምንም አይደለም። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በውኃው ነው። ውኃው ያለማቋረጥ በስንጥቡ ያልፋል፤ ክሎሪኑም ስሱን የስንጥብ ሽፋን ያቃጥለዋል። በዚህም የተነሳ በውኃው ውስጥ ኦክሲጂን እያለ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።

ሁለተኛም ጉዳት አለ። ከዓሣው አካል የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ክሎሪን ወዳጅና ጠላት አይለይምና እነዚህንም ይፈጃል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ውኃውን ከአንድ ቀን በፊት አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድቶ ሳይከድኑ ማስቀመጥ። ክሎሪን ጋዝ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይተናል። ውኃውን ከባልዲ ወደ ባልዲ መገልበጥ ያፋጥነዋል። በተከደነ ጀሪካን ያደረ ውኃ ግን እንዳደረ አይቆጠርም። ባልዲውም ሳሙናና በረኪና የማይነካው ይሁን።

2ኛ/ ጊዜ ከሌለ በኬሚስትሪ ክፍል የሚገኘውን ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ፎቶ አንሺዎች «ሃይፖ» የሚሉትን፣ መጠቀም ይቻላል። 10 ግራሙን በ1 ሊትር ውኃ አሟሙቶ፣ ከዚያ 10 ሚሊሊትር ለ20 ሊትር ባልዲ ቢጨምሩ ከላይ ላልነው የክሎሪን መጠን ይበቃል።

3ኛ/ ውኃውን በሙሉ አለመድፋት። በአንድ ጊዜ ሩብ ያህሉን ብቻ መቀየር። ስፖንጁንም ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውኃ እንጂ በቧንቧ አለማጠብ።

4ኛ/ የሁለቱን ውኃ ሙቀት በቴርሞሜትር መለካት። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። በአንዳንድ ከተሞች፣ ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የሚጨመረው ክሎራሚን ነው። ይህኛው በማሳደር አይለቅም፤ መድኃኒት ይፈልጋል። በአንጻሩ ምንም ያልተጨመረበት የምንጭ ውኃ ክሎሪን የለበትም። «ውኃ አጋር» የተጨመረበት ከሆነ ግን ያው እንደ ቧንቧው ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ጫጩቶች አምጥተን በዚሁ መንገድ ያዝናቸው። ምግቡ ያው፣ መጋቢውም ያው ተረኛ ነው። እስካሁን አንድም አልሞተም። የቀየርነው ሁለት ነገር ስለሆነ፣ ይኸውም ውኃውን ማሳደርና ሩቡን ብቻ መለወጥ፣ የትኛው ይበልጥ እንደረዳ መለየት አንችልም። ምግቡ ግን ስላልተለወጠ ተረኛው ከወቀሳው ነጻ ነው።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ በክፍላችን አንድ ዓሣ ወይም አንድ ተክል ይሞት ይሆናል። ሕፃናቱ «ማነው የገደለው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ እንደኛ ጣት ለመቀሰር ባንቸኩልና «ምን ተለወጠ?» ብለን አብረናቸው ብንጠይቅ፣ ሳይንስን አስተማርን ማለት ያን ጊዜ ነው።

ተረኛው ወንድማችን፣ በሰው ፊት ወቅሰንሃልና በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን።