የፍል ውሃና የምንጭ መዝናኛዎች በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት

ኢትዮጵያ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በከርሰ ምድር ሙቀት የሚግሉ በርካታ ምንጮች አሏት። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ፍል ውሃ ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቁት ናቸው። የአዲስ አበባ ከተማ አቆራቆርም ቢሆን ከእንጦጦ ግርጌ ከሚፈልቀው ፍል ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ እነዚህ ሥፍራዎች የሚጓዙ ሰዎች ሁሉ ዓላማቸው አንድ አይደለም። ወጣቶች ለዋና፣ ቤተሰቦች በዛፍ ጥላ ሥር ዕረፍት ለማድረግ፣ አረጋውያን ደግሞ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመማቸውን ለማስታገስ ይሄዳሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ስለ እነዚህ ሥፍራዎች ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ይነሱ ነበር። አንደኛው “ውሃው ቫይረሱን ያስተላልፋልን?” የሚል ሲሆን ሁለተኛው “የውሃው ሙቀት ቫይረሱን ያጠፋልን?” የሚል ነው። ፍርሃቱም ሆነ ተስፋው ያተኮረው በውሃው ላይ ነበር። ጥንቃቄ የሚሻው ግን በውሃው ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፍባቸው መንገዶች

የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲተነፍስ በሚወጡ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች አማካይነት ነው። በመዋኛ ውሃ አማካይነት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሆኖም ሁለት ሰዎች በአንድ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ቢጨዋወቱ፣ ከአንገት በታች በውሃ ቢሸፈኑም ትንፋሻቸው መገናኘቱ አይቀርም።

የአደጋው መጠን እንደ ቦታው ይለያያል። ነፋስ በሚያገኘው ሰፊ የውጭ ገንዳ ፍንጣቂዎቹ በቶሎ ስለሚበተኑ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ጠባብ በሆነ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ በእንፋሎት በተሞላ ዝግ መታጠቢያና መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ግን ሥጋቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወደ ምንጩ የሚጓዝ ሰው ከዋናው ይልቅ በጉዞው፣ በልብስ መቀየሪያውና በምግብ ሰዓቱ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የውሃው ሙቀት መከላከያ አይደለም

ፍል ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፣ ለመገጣጠሚያ ሕመምም ፋታ ይሰጣል። ኮቪድ-19ን ግን አይከላከልም፣ አያድንምም። ቫይረሱ የሚራባው በመተንፈሻ አካላት ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን ቆዳን የሚያሞቀው ውሃ ወደዚያ አይደርስም። ቫይረሱን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ያለው ውሃ ቢኖር እንኳ አስቀድሞ የሚያቃጥለው ገላን ነው። ትኩስ እንፋሎት መታጠንም እንዲሁ የመተንፈሻ አካልን ሊያቃጥል ይችላል።

በተለይ ሊታረም የሚገባው ትኩሳትና ቁርጥማት ሲሰማ “ብርድ ነው፤ ቢያልበኝ ይወጣልኛል” በማለት ወደ ፍል ውሃ የመሄድ ልማድ ነው። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የማሽተት ወይም የመቅመስ ስሜት ማጣት የኮቪድ-19 ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሰውነቱ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህም ለመስጠም አደጋ ያጋልጠዋል። ከዚህም ባሻገር ሕመሙን ይዞ የሚሄደው አረጋውያንና ሕመምተኞች ወደሚሰበሰቡበት ሥፍራ ነው።

በፍል ውሃ ሥፍራዎች የሚደረገውን ጥንቃቄ ከሌሎች መዝናኛዎች የሚለየውም ይኸው ነው። ከምንጩ ፈውስን የሚሹት ዕድሜያቸው የገፋና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ በኮቪድ-19 ለጽኑ ሕመምና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ወገኖች ናቸው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስርጭቱ በሚበረታበት ጊዜ ጉዟቸውን ቢያዘገዩ ይመረጣል። የግድ መሄድ ካለባቸው ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ ሰው የማይበዛበትን ቀንና ሰዓት ይምረጡ፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት በፍል ውሃ ተክተው ፈጽሞ አያቋርጡ።

ከጉዞ በፊትና በጉዞ ላይ

ከተጓዦቹ መካከል አንድ ሰው እንኳ ምልክት ከታየበት ወይም ባለፉት 14 ቀናት ቫይረሱ ከተገኘበት ሰው ጋር የቅርብ ንክኪ ከነበረው፣ እርሱ ከቤት ሊቀር ይገባል። ከቅዳሜና እሑድ እንዲሁም ከበዓላት ማግሥት ይልቅ የሥራ ቀናትን፣ ከቀትር ይልቅ ማለዳን መምረጥ መጨናነቅን ይቀንሳል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ብቻ በአንድ ተሽከርካሪ ቢጓዙ መልካም ነው። ከሌሎች ጋር መጓዝ ግድ ሲሆን ሁሉም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ መስኮቶችም ይከፈቱ።

በምንጩ ሥፍራ

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ወደ ውሃ ሲገባ መውለቅ አለበት፤ የረጠበ መሸፈኛ መተንፈስን ያዳግታልና። እንዳይቆሽሽ በንጹሕ ከረጢት ማስቀመጥ፣ ሌላ ደረቅ መሸፈኛም መያዝ ያስፈልጋል። በውሃው ውስጥም ሆነ በዳርቻው ከቤተሰብ ውጭ ከሆኑ ሰዎች ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ይገባል። ልጆች ርቀት መጠበቅን በቀላሉ ስለሚዘነጉ አንድ አዋቂ ዓይኑን ሳይነቅል ሊከታተላቸው ይገባል፤ ይህ ከመስጠም አደጋም ይጠብቃቸዋል።

የዋና ልብስን ከቤት ለብሶ መሄድ በልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚባክነውን ጊዜ ያሳጥራል። ፎጣ፣ ሳሙናና መጠጫ ኩባያ የየራስ ይሁን። የምንጩ ውሃ በክሎሪን የታከመ ስላልሆነ ሊጠጣ አይገባም፤ እጅንም በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብን አይተካም።

በምግብ ሰዓት መሸፈኛው ስለሚወልቅ ጥንቃቄው ይበልጥ መጥበቅ አለበት። ከቤተሰብ ውጭ ከሆኑ ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ ከመቅረብ በየሳህኑ መመገብ ይመረጣል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ቢሆንም በወረርሽኝ ወቅት ቢታለፍ ፍቅር አይጎድልም። ሰላምታንም በመጨባበጥና በመሳሳም ፈንታ እጅን ደረት ላይ በማድረግ፣ ጎንበስ ብሎ መለዋወጥ ይቻላል።

የመዝናኛ ሥፍራ አስተዳዳሪዎች ኃላፊነት

አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰን፣ በመግቢያው ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ማዘጋጀት፣ በዝግ መታጠቢያ ክፍሎችም አንዱ ተጠቃሚ ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት በርና መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይጠበቅባቸዋል። የበር እጀታዎች፣ የደረጃ መደገፊያዎችና አግዳሚ ወንበሮች በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በተበጠበጠ በረኪና ሊወለወሉ ይገባል። በረኪናው 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በረኪናን ከሌላ ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከተመለሱ በኋላ

ምልክቶቹ ለቫይረሱ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሕመም የተሰማው ሰው ራሱን ከቤተሰቡ ለይቶ ከጤና ባለሙያ ምክር ማግኘትና አብረውት የተጓዙትን ሰዎች ማሳወቅ ይገባዋል። ምልክት ያልታየበት ሰውም ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ከጉዞ የተመለሱ ወጣቶች በቤት ከሚገኙ አረጋውያን ጋር ሲገናኙ መሸፈኛ ማድረግና ርቀት መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

ምንጮቹ ከወረርሽኙ በፊት ነበሩ፣ ከወረርሽኙ በኋላም ይኖራሉ። ዛሬ የሚዘገይ ጉዞ ነገ ይደረሳል፤ በአንድ ቀን መዘናጋት የሚጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።